ሆራ በበርሜል

የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ
ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ባለቤቴ ለግራዝማች ኃይለ መስቀል
ደብረ ሲና

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የዚያ አገር ጉም ለጉልበትዎ እንደማይስማማ አውቃለሁና እህትዎ እሳት እንዳይነፍጉዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። አእምሮዬም ደህና ነው። ይህን ለብቻው የጻፍሁት ጥያቄ ስለቀረበበት ነው።

አፈር አልበላሁም። በጥቅምት መጨረሻ በላኩልኝ ወረቀት «አፈር በሰሃን ትበያለሽ ይላሉ፤ እውነት ነውን?» ብለው ጠይቀውኛል። እውነት አይደለም። ቀምሻለሁ። መቅመስና መብላት ሁለት ግሦች ናቸው፤ የኔታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንዱን በሌላው ቦታ ላስገባ ልጅ የሚያስቀምሱት አለንጋ ነበር። የቀመስሁትም በጣቴ ጫፍ ነው። ሰሃን የሚባል ነገር በአጠገቤ አልነበረም። ነገሩ የሆነው አምና ኅዳር ሲሆን እርስዎ ዘንድ የደረሰው ዘንድሮ ጥቅምት ነው። ወሬ ከአውቶቡስ ይፈጥናል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይኸኛው በእግሩ የሄደ ይመስለኛል። ሰሃኑንም ከመንገድ ላይ ሳያነሣው አልቀረም።

ያየችኝ ከበታቻችን ያለችው ደብሪቱ ናት። ደብሪቱ ያየችውን ብቻ የምትናገር ሴት ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባላባከንሁ። አሁን ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት፤ ከሌላ ሰው የሰሙት እንደሆነ በሰሃኑ ላይ ማንኪያ ይጨመርበታል።

ከዚህ ቤት የወጡ ዕለት የተናገሩትን ሁሉ መድገም አልፈልግም። ለነገሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ልጥቀስ። «ከብት ያለ ሆራ አይኖርም። ሆራው ታጥሯል፣ ቪላ ተሠርቶበታል። እዚህ ተራራ ላይ የከብት ዘመን አልቋል» ብለዋል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ትክክል ነበር። ሁለተኛውም ትክክል ነበር። እኔ የተከራከርሁት ከሦስተኛው ጋር ነው።

ሆራ የምንወርድባቸውን ቀናት እኔም አልረሳሁም። ከብቱ ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርስ የጨዋማው ውሃ ሽታ ሲደርሰው ጅራቱን ሰቅሎ ይሮጥ ነበር፤ እርስዎም ጋቢዎን በትከሻዎ ጥለው አብረው ይሮጡ ነበር። እኔ አልሮጥሁም። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ መቁጠር ነበረበት። ከብቱ ጠጥቶ ሲመለስ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ጠጉሩ ተኝቶ፣ ዓይኑ ጠርቶ ነበር። ሆራው ከታጠረ ወዲህ ግን የሆነውን አብረን አይተናል። ጠጉራቸው ቆመ። ግድግዳ መላስ ጀመሩ። ከሜዳ አጥንት እየለቀሙ ሲቆረጥሙ እየዋሉ ሣሩን ተዉት። ጉሬዛ፣ ከሁሉ ወተታም የነበረችው ላማችን፣ መከነች።

እርስዎም ከብቱን ሸጠን እንካፈል አሉ፤ ወይ ደብረ ሲና እንድከተልዎት፣ ወይ ድርሻዬን ይዤ እንድንለያይ። እኔም «ላሞቹ ወደ ሆራ መሄድ ካልቻሉ ሆራው ወደ ላሞቹ ይመጣል» አልሁ። ሳቁብኝ። ጎረቤታችን በዳዳም ሽማግሌ ሆኖ በመካከላችን ተቀምጦ ሳለ፣ ሽማግሌ መሳቅ እንደሌለበት ረስቶ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ከዘራዎን አንሥተው፣ በሁሉም ፊት፣ «ጉሬዛ የወለደች ዕለት እኔ ራሴ ተመልሼ ጥጃዋን አስራለሁ» ብለው ወጡ። ሽማግሌዎቹም እስከ ዘንድሮው ኅዳር ሚካኤል ጊዜ ሰጡኝ። ያን ቀን መጥተው ከብቱን ሊያዩ፣ ካልዳነ ሊሸጥና ቤቱም ሊፈታ ተፈረደ። ከብት ሳይታመም ትዳር ሲታመም አይቻለሁ፤ ሁለቱ በአንድ መድኃኒት ሲጠበቁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ወደ ሥራዬ ገባሁ። የወንድምዎ ልጅ ወልደ ኢየሱስ የጭነት መኪናውን እየነዳ ወደ ዝዋይ እንደሚመላለስ ያውቃሉ። እዚያ ከሐይቁ ዳር ከብት የሚልሰው ጨዋማው ቦሌ እንደሚገኝ ደግሞ ከብት ያረባ ሁሉ ያውቃል። እኔም «በመንገድህ ሁለት ጆንያ ቦሌ ጫንልኝ» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ላክሁለት።

ሁለት ጆንያ ሙሉ አፈር ይዞ መጣ። ጥቁር ዋልካ ነበር። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «እትዬ፣ አምላክ አወጣኝ እንጂ ዘበኞቹ ሊያስሩኝ ነበር» አለኝ። የምን ዘበኞች ብዬ ብጠይቀው፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ዘበኞች ናቸው። ይህ ከተሜ ልጅ ቦሌ ሲባል የሚያውቀው አውሮፕላን የሚያርፍበትን ቦሌ ብቻ ነው። ሄዶ ከአጥሩ ሥር ሲቆፍር ያዙት። ምን ትሠራለህ ሲሉት «አክስቴ ለላሞቿ የቦሌ አፈር አዝዛኛለች» አላቸው። ሊያስሩት የመጡት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ አዝነውለት፣ ጆንያውን አሸክመው ለቀቁት።

«ቦሌ አልሁህ እንጂ ከቦሌ አላልሁህም» አልሁት።

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው እትዬ?»

«ከ ነው።»

አንዲት ፊደል ናት፤ ግን ዝዋይንና የአውሮፕላን ማረፊያውን ያህል ታራርቃለች። ይህን ካስረዳሁት በኋላ አፈሩን እንዲያው መድፋት አልወደድሁም። ሳይመረምሩ መፍረድ የተማርሁት ነገር አይደለም። ስለዚህ ከጆንያው በጣቴ ጫፍ አንሥቼ በምላሴ ነካሁት። ጨው የሚባል የለውም። ልክ በዚያች ቅጽበት ደብሪቱ እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ በአጥሩ በኩል አየችኝ። ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔም ጨው እንዳለው እያየሁ ነው ብዬ እውነቱን መለስሁላት። አማተበችና ሄደች። የወሬው ታሪክ ይኸው ነው። የዋልካውን አፈር ለጎመን መደብ አድርጌዋለሁ፤ ጎመኑ ጥሩ ወጥቷል።

በሚቀጥለው ጉዞው ወልደ ኢየሱስ እውነተኛውን ቦሌ አመጣ። አመድ የመሰለ፣ በእጅ ሲፈረክ የሚፈረፈር፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ የሚያኮማትር ነው። ጆንያው ከመኪናው ሳይወርድ ከብቱ ከበበው። ኮርማው ዳልቻ የጆንያውን ጥግ ማኘክ ጀምሮ በዱላ ነው የለየነው። ያን ጊዜ የምፈልገው ነገር ትክክል መሆኑን አወቅሁ።

ችግሩ ዕቃው ሆነ። መጀመሪያ በእንጨት ገንዳ አቀረብሁት። እንጦጦ ግን የወቅት ሕግ የሚያከብር ተራራ አይደለም፤ በታኅሣሥ መካከል ዝናቡን አወረደውና ቦሌውን ጭቃ፣ ጨውን ውሃ አደረገው። ከብቱ ያንን ጠጥቶ ሆዱ ተበላሸ። እርስዎ ያበጁትን የብረት ገንዳ ከጓሮ አወጣሁ፤ ጨው በልቶት እንደ ወንፊት ሆኖ አገኘሁት። ሥራዎን መንቀፌ አይደለም። ብረትን ጨው ይበላዋል፣ ጨውን ደግሞ እንጨት ይጠጣዋል፤ ማንም ቢሠራው ያው ነው። እኔ የምፈልገው የማይበላም የማይጠጣም ዕቃ ነበር።

«ፕላስቲክ ነዋ» አለ ወልደ ኢየሱስ። አሁን ከውጭ ዕቃ የሚመጣበት፣ እንደ በርሜል ሆኖ እንደ ቅል የሚቀል፣ ቢመቱት የማይሰነጠቅ ነገር አለ። ዕቃው ካለቀ በኋላ ይጥሉታል። በሳምንቱ አንዱን ይዞ መጣ። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትሁት፤ እንደ ሐኪም ቤት ይሸታል። ምን ነበረበት አልሁት። ታጥቧል አለኝ።

«ያልጠየቅሁህን አትመልስልኝ። ምን ነበረበት?»

አያውቅም። እንግዲያስ መልሰው አልሁት። ታሪኩ ያልታወቀ በርሜል ከብት አይበላበትም፤ ለውሃም፣ ለእህልም፣ ለምንም አይሆንም። እያጉረመረመ መልሶ ጫነው። ቀጥሎ ያመጣው ሰማያዊ ነበር፤ ከረሜላ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የተገኘ፣ የስኳር ሽሮፕ የመጣበት። ይህንንም ቃሉን ብቻ አላመንሁም። ክዳኑን ከፍቼ ደጅ ላይ አቆምሁት። ጥቂት ቆይቶ የአካባቢው ንብ ሁሉ መጣ። መድኃኒት ላይ ንብ አይሰፍርም። ከዚያ በኋላ በፍል ውሃና በአመድ፣ ንቦቹ ተስፋ ቆርጠው እስኪሄዱ ድረስ አጠብሁት። እነሱ ሲሄዱ ንጹሕ መሆኑን አወቅሁ።

አሁን ወደ ሠርጉ እመጣለሁ። ስለ ሠርጉም ሰምተው ይሆናል፤ በጨዋነት ሳይጠይቁኝ ቀርተው ከሆነ አመሰግናለሁ።

በርሜሉን በጎኑ አጋድመን፣ ከሁለት የጽድ ምሰሶዎች ጋር በሽቦ አሰርነው። አፉን የት እንደሚከፍት በከሰል አስምሬ ሰጠሁት፤ ወልደ ኢየሱስ በመጋዝ ቆረጠው። መስመሩን የለካሁት በጉሬዛ ራስ ነው። የጉሬዛ ቀንድ አጭር ነው። ኮርማው ዳልቻ ከነቀንዱ ይገባል ብዬ አላሰብሁም፤ ገባ። መግባቱ ምንም አልነበረም፤ መውጣት አቃተው። ራሱን ሲወዘውዝ ሽቦው ተበጠሰ፣ ሰማያዊ በርሜል እንደ ዘውድ ደፍቶ ቁልቁል ተፈተለከ። ቁልቁል ያለው ደግሞ የደብሪቱ ቤት ነው። ወሩ ጥር ነው። በደብሪቱ ቤት ድንኳን ተጥሎ ልጇ ትዳራለች።

እኔ ስደርስ ዘፈኑ ቆሟል። አንዱ ሚዜ ከነካባው የአጥር እንጨት ላይ ወጥቷል። ዳልቻ ምንም ስለማያይ በድንኳኑ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በበርሜሉ ውስጥ ሲያጓራ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ነጎድጓድ ነው። አንዲት አሮጊት በግንባሯ ተደፍታ እግዚኦ ትላለች። በዳዳ ከታዳሚዎቹ መካከል ነበርና ጅራቱን ይዟል፤ ሌሎቹ መጥረቢያ አምጡ ሲሉ ሰማሁ።

«ኮርማውን ያዙት፤ በርሜሉን እንዳትነኩት» አልኋቸው።

ወልደ ኢየሱስ ቅቤ ለምኖ ቀንዱን ቀብቶ ቀስ ብሎ አወጣው። ደብሪቱ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቴ መጣችና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ ወለተጊዮርጊስ፣ ሰው ለሠርግ ሙክት ይልካል፤ እርስዎ በርሜል ያጠለቀ ኮርማ ይልካሉ?» አለችኝ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። በዳዳም ዓይኑን እየጠረገ «ግራዝማች ይህን ቢያዩ ኖሮ ከደብረ ሲና በእግራቸው ይመጡ ነበር» አለ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሙሽሪትን ስሜ፣ በርሜሌን አስይዤ ተመለስሁ። ሳቁ እስከ ቤቴ ድረስ ተከትሎኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ ካለፍሁ በኋላ ነው የሚፈነዱት። የሚያሳፍረው መሳሳት ነው እንጂ መሳቂያ መሆን አይደለም ብዬ አሳለፍሁት። ግን በእውነቱ ቀላል አልነበረም፤ በተለይ ማታ ማታ የማወራው ሰው በሌለበት ቤት።

ሕጉን ያገኘሁት ከዚህ ነው፤ አፍ ይግባ፣ ቀንድ ይቅር። የተቆረጠውን ቁራጭ አልጣልሁትም ነበርና፣ ልብስ እንደሚጣፍ፣ ዳር ዳሩን በጋለ ሚስማር በስቼ የሰፊውን አፍ እኩሌታ በሽቦ መልሼ ሰፋሁት። የቀረው ቀዳዳ የከብት አፍንጫና ምላስ ይበቃዋል፤ ከዚያ አያልፍም። ጠርዙ ምላስ እንዳይቆርጥ አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ሰንጥቄ ዙሪያውን ለበጥሁት። ዝናቡ የሚመጣበትን ጎን ከአንድ ወቅት በላይ ሳስተውል ስለነበር፣ በርሜሉ ለዚያ ወገን ጀርባውን እንዲሰጥ አዞርነው። ያመለጠ ጠብታ ቢገባ እንኳ እንዲወጣ ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች በሳሁ። ጽዱንም ጠለቅ አድርገን ተከልነው፤ አሁን ዳልቻ ቢገፋው የሚወዛወዘው ራሱ ነው።

ውስጡ የሚገባውንም በራሴ ነው ያዘጋጀሁት። ቦሌውን ፈጭቼ፣ አሞሌ ጨው ወቅጬ ጨመርሁበት። ከዚያ ስለ አጥንቱ አሰብሁ። ከብት አጥንት ሲቆረጥም ያየ ሁሉ ጅብ ሆነ ይላል፣ ወይ የሰው ዓይን በላው ይላል። ላም ግን የሚያምራትን ታውቃለች። የጎደላት ነገር አጥንት ውስጥ ባይኖር አትቆረጥመውም። ስለዚህ አጥንት ሰብስቤ ነጭ እስኪሆን አቃጥዬ፣ ለዚሁ ብቻ በለየሁት ድንጋይ ፈጭቼ አመዱን ቀላቀልሁ። አዎን፣ ይህም ተወርቷል። አጥንት ትፈጫለች ተብሏል። ይኸኛው እውነት ነው።

እንግዲህ ልብ ብለው ያንብቡልኝ። ከጥር ወደ የካቲት ሲሻገር ግድግዳ መላሳቸውን ተዉ፤ ዘንድሮ ቤቱ መመረግ አላስፈለገውም። አጥንት አልፈው ሣር መብላት ጀመሩ። የቆመው ጠጉራቸው ተኛ። በየካቲት ጉሬዛ ኮርማ ፈለገች። ስንት ዘመን ደርቃ የኖረች ላም ናት፤ ቆሜ አየሁና ለማንም አልተናገርሁም። ሽል ሊወርድ ይችላል፤ ቶሎ መናገር የደብሪቱ ነው።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ሐምሌ ላይ ተራራው ከደመናው አይወጣም ነበር፤ ዝናቡ ድንጋይ ያንከባልል ነበር። የእንጨቱ ገንዳ፣ ለማነጻጸር ብዬ ሜዳ ላይ የተውሁት፣ ሞልቶ ፈሰሰ። እኔ በየጠዋቱ ጃንጥላዬን ይዤ ወጥቼ እጄን በበርሜሉ አፍ እሰዳለሁ። ደረቅ ነው። ነሐሴም ደረቅ ነው። በጳጉሜ እጄን አውጥቼ ጣቶቼ ላይ የቀረውን ደረቅ ዱቄት ሳይ፣ ብቻዬን ሜዳው ላይ ቆሜ፣ በልጅነቴ ዳዊት የደገምሁ ዕለት ያሰማሁትን እልልታ አሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዳዳ ከማዶ ሰምቶ ማን ሞተ ብሎ መጣ።

ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር። ከቅዳሴ መልስ በዳዳና ሁለቱ ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው መጡ። ፊታቸውን ለለቅሶ ቤት አዘጋጅተውት ነበር። እኔም ወደ ጋጣው መራኋቸው።

ጉሬዛ በዋዜማው ጎህ ሲቀድ ወልዳ ነበር። ሴት ጥጃ ናት፤ እንደ እናቷ ጥቁርና ነጭ፣ ግንባሯ ላይ የፈሰሰ ወተት የመሰለ ምልክት አላት። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እየጠባች፣ ጭራዋን እያወዛወዘች አገኟት።

በዳዳ ወደ ላሟ ተጠጋ። ጉሬዛን ከአንገቷ እስከ ጭራዋ በመዳፉ ዳሰሳት። የዳልቻን ከንፈር ገልጦ ድዱን አየ። ሌሎቹን አንድ በአንድ ዞራቸው። ከዚያ ወደ በርሜሉ ሄደ፤ ዞረው፣ አጎንብሶ ከሥሩ አየው፣ ከመነዳሪውን ጎተት አደረገው። ለሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላቸው፤ «ሆራ» የምትለውን ብቻ ለየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ የመጣነው ለፍርድ ነበር። ፍርዱ ቀርቷል። ይህ በርሜል ከየት ይገኛል?»

«ፍርዱ አልቀረም። ፍረድ፤ ከዚያ በርሜል ትጠይቃለህ» አልሁት።

ሳቀና ዱላውን ተከለ። በሥርዓቱ ቆሞ፣ «ከብቱ አይሸጥም። ቤቱ አይፈታም። የቀረ ነገር ቢኖር የግራዝማች ቃል ነው፤ እሱን እኛ አንፈርድበትም» አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይሁን አሉ። እኔም እጅ ነሣሁ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለ በርሜል መናገር ጀመሩ፤ እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼ አላውቅም። ወልደ ኢየሱስ ከረሜላ ሠሪዎቹን አነጋግሮ የሚጣለውን ሁሉ ወደዚህ ሊያመጣ ቃል ገብቷል። ታሪኩ ያልታወቀ በርሜል እንደማልቀበል ሁሉም ሰምተዋል። አቆራረጡን እኔ ልለካላቸው ነው። ከዚህ እስከ ኮተቤ መንገድ ድረስ ያለ ከብት ከእንግዲህ ሆራ የለም ተብሎ አይታረድም።

ደብሪቱም ማታ መጣች። ከበር ቆማ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሚካኤል፣ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ ላሟ ግድግዳ እየላሰች እንዳስቸገረቻት ነገረችኝ። ከዚያው አፈር ትንሽ ብሰጣት ብላ ለመነችኝ። ዕቃ አልያዘችም ነበርና በሰሃን ሰፈርሁላት። እንግዲህ ሰሃኑ እውነት ሆነ፤ ይጻፉት።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ በዳዳ ከኋላ ቀረና፣ «ለግራዝማች መልእክት ልላክላቸው ወይስ እርስዎ ይጽፋሉ?» አለኝ። እኔ እጽፋለሁ አልሁት። ምን ብለው ይጽፋሉ አለ።

«ስለ ላሞቹ» አልሁት።

አየኝና ሄደ። እኔም ቃሌን ጠብቄ ስለ ላሞቹ ጽፌያለሁ። እርስዎ ስለ ተናገሩት ነገር አላስታውስዎትም፤ የተናገሩትን የሚረሱ ሰው አይደሉም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ትናንት በዳዳ ጥጃዋን ሊያስራት ገመድ አንሥቶ ነበር። ተው አልሁት። ለጊዜው በጋጣው ጥግ በእንጨት ከልዬላታለሁ። ጥጃ ሳትታሰር ብዙ መቆየት እንደማትችል ያውቃሉ፤ ከእናቷ ጋር ውላ ወተቱን ትጨርሰዋለች። ገመዱ ከተሰቀለበት ነው።

እህትዎን ሰላም ይበሉልኝ። የሚካኤል ጠባቂነት በመግባትዎም በመውጣትዎም አይለይዎት፤ መንገድ ቢያስቡ መንገድዎን ይጥረግልዎ፤ ባያስቡም ጤናዎን ይስጥልኝ። ወልደ ኢየሱስ እጅ ይነሣል። አሁን ብዙ ሥራ ስላለብኝ በዚህ ላቁም።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ በርሜሉን እሞላለሁ። ከዚያ ጉሬዛን አልቤ፣ የጋጣውን በር እንጨት አጠብቃለሁ። ከደጁ መውጫ ላይ የሚነቃነቀውን ድንጋይ፣ ለጉልበት የሚያስቸግረውን፣ አስተካክላለሁ። ቡሉኮዎን ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ ብል እንዳይገባው ነው። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ወደ ኮተቤ ወርጄ ይህን ደብዳቤ ለደብረ ሲናው አውቶቡስ ረዳት እሰጣለሁ፤ እግረ መንገዴንም የመልሱ አውቶቡስ በየትኛው ሰዓት እንደሚያልፍ እጠይቃለሁ።

ባለቤትዎ
ወለተጊዮርጊስ